ኪካፕ የምመርጠው በላይኛው ረድፍ ነው

ሀዋሳ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም በማይርቅ አንድ ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ ስተይብ እውላለሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሠርግ ወራት ሲደርስም የጥሪ ወረቀት በእጄ ያልፋል። በሥራ በተጨናነቀ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ድረስ ጣቶቼ ከኪቦርድ ላይ የሚነሡት ለምሳና ለቡና ብቻ ነው። ስለዚህ ከየቁልፉ ላይ የሚቀመጠው የፕላስቲክ ክዳን፣ ኪካፕ የምንለው፣ ምን ዓይነት ቅርጽ ቢኖረው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለእኔ የጌጥ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ልብስ ሰፊ ስለ መቀሱ፣ አናጢ ስለ መላጊያው እንደሚጨነቅ ሁሉ እኔም ስለዚህ ነገር እጨነቃለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ኪቦርድ እያዩ «ጋሼ፣ የትኛውን ልግዛ?» የሚሉኝ ተማሪዎች እየበዙ ስለመጡ፣ ቆሜ በሁለት ዐረፍተ ነገር ከምመልስላቸው እስካሁን የደረስኩበትን በደንብ ልጻፈው ብዬ አስቤያለሁ።

ኪቦርዱ የመጣልኝ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የምሠራው ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ በተገዛው፣ ቁልፎቹ ከሥራቸው በጎማ በተደገፉ ተራ ኪቦርድ ነበር። ከሰዓት በኋላ የግራ እጄ የመሐል ጣት እየደነዘዘ እንደሚያስቸግረኝ በስልክ ሲሰማ የቆየው ይህ ልጅ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ ምቱን የሚመዘግብ የራሱ ስዊችና የራሱ ሞላ ያለውን ሜካኒካል ኪቦርድ ሳልጠይቀው ይዞልኝ መጣ። ጣቴ ቀስ በቀስ ተሻለው። ዓመት ሳይሞላ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ሲመጡ ሁሉም ደብዘዝና ሻከር ያሉ የነበሩት ክዳኖች፣ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ስታርፍባቸው፣ አንዳንዶቹ ቅቤ የተቀቡ ይመስል ያብለጨልጫሉ፤ ሌሎቹ ገና ከካርቶን እንደወጡ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያበራው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ አምስተኛው፣ ኢ የምንለው ቁልፍ ነበር። ቲ፣ አር፣ አይ እና ኦ ተከታትለውታል። ቪ ግን ጨርሶ ያልተነካ ይመስላል። ካበሩት መካከል ብዙዎቹ በአንድ ረድፍ ላይ የተደረደሩ መሆናቸውን ሳይ ነው ስለ ኪካፕ ቅርጽ ከምር ማሰብ የጀመርኩት።

ፕሮፋይል የሚባለው የኪካፑ ቁመት፣ ጣት የሚያርፍበት ገጽ አጎደጓጎድ፣ እንዲሁም ረድፎቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው የከፍታና የዝንባሌ ልዩነት ነው። ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ጎረቤቱ መሐል ያለው ርቀት በተለመደው ኪቦርድ 19.05 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ኢንች ሦስት አራተኛ ነው፤ ይህ በፕሮፋይል አይለወጥም። የሚለወጠው ጣት በዚያ ርቀት ውስጥ የሚጓዝበት መንገድ ነው። አንዳንዱ ፕሮፋይል እንደ ኮንሶ እርከን ነው፤ የቁጥሮቹ ረድፍ ከፍ ይላል፣ ከሥሩ ያለው የፊደል ረድፍ ወደ ተያቢው ያዘነብላል፣ ጣቶች የሚያርፉበት መካከለኛው ረድፍ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ የታችኛው ደግሞ በተቃራኒው ትንሽ ቀና ይላል። ሌላው ፕሮፋይል ሜዳ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ሁሉም ክዳን አንድ ቁመትና አንድ ቅርጽ አለው።

ክዳን መለዋወጥ የተቻለው ከሥሩ ያለው መግጠሚያ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ቼሪ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ኤምኤክስ ስዊች አናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ዘንግ አለው፤ በኋላ የመጡ ብዙ አምራቾችም ያንኑ መስቀል ስለተከተሉ፣ ከአንዱ የተገዛ ክዳን በሌላው ስዊች ላይ ይገጥማል። የእኔዎቹ ቀይ የሚባሉት ለስላሳ ስዊቾች ናቸው። ቁልፉ እስከ መጨረሻ 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንደወረደ ፊደሉ ይመዘገባል፣ ለዚያም የሚፈልገው ግፊት 45 ግራም ገደማ ነው። ይህ ልክ ለሁሉም ቁልፎች እኩል ስለሆነ፣ አንዱ ቁልፍ ከሌላው ይልቅ ጣቴን የሚያደክመው ከሆነ ምክንያቱን ከስዊቹ ሳይሆን ከክዳኑ ቅርጽና ከቦታው መፈለግ ነበረብኝ።

አማርኛን የምጽፈው ኪማን በሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ ድምፁን ተከትሎ በላቲን ቁልፎች መጻፍ ማለት ነው። መጀመሪያ ተነባቢው፣ ከዚያ አናባቢው ይመታል። ሳድሱ ብቻ በአንድ ምት ያልቃል። ግዕዙ ኢን (E) ይጠይቃል፣ ካዕቡ ዩን (U)፣ ሣልሱ አይን (I)፣ ራብዑ ኤን (A)፣ ሳብዑ ኦን (O)፤ ኃምሱም ቢሆን ያለ ኢ ቁልፍ አይጻፍም። እንግዲህ እነዚህ ቁልፎች ኪቦርዱ ላይ የት የት እንዳሉ ይመልከቱ። በመካከለኛው ረድፍ ላይ፣ ጣት ባረፈበት ቦታ የምትገኘው ኤ ብቻ ናት። ኢ፣ ዩ፣ አይ እና ኦ አራቱም በላይኛው የፊደል ረድፍ ላይ ናቸው። በእኛ ጽሑፍ ደግሞ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ተ»፣ «ነ» በየመሥመሩ ይመላለሳሉ፤ ሁሉም ግዕዝ ስለሆኑ ሁሉም ወደ ኢ ይሄዳሉ።

ለማረጋገጥ አንድ ምሽት ወረቀት አውጥቼ ቆጠርኩ። «ነበረ» የሚለው ቃል ስድስት ምት ነው፤ አራቱ በላይኛው ረድፍ፣ ሁለቱ በታችኛው ናቸው፤ በመካከለኛው ረድፍ ላይ የሚመታ አንድም የለም። «ተማሪ» እንዲሁ ስድስት ምት ሲሆን አራቱ ላይኛው ረድፍ ላይ ናቸው። «ሰላም» የተሻለ ዕድል አለው፣ ከአምስቱ ምት ሦስቱ በመካከለኛው ይመታሉ። «የተወረወረ» ላይ ስደርስ ግን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ምት አለው፤ አሥራ ሁለቱም ላይኛው ረድፍ ላይ ናቸው፤ ከመጀመሪያዋ «የ» ተነባቢ በቀር ሁሉም በግራ እጅ ይመታሉ፤ ከአሥራ ሁለቱ ስድስቱ ደግሞ የኢ ቁልፍ ናቸው። ኢን የሚመታው የግራ እጅ የመሐል ጣት ነው፤ ያ ሲደነዝዝብኝ የኖረው ጣት።

ስለ ኪካፕ በእንግሊዝኛ የተጻፉትን ምክሮች ሳነብ የሚያነጻጽሩት በአብዛኛው ጣት በሚያርፍበት በመካከለኛው ረድፍ ስሜት ነው፦ ጣቱ ገጹ ላይ እንዴት ይቀመጣል፣ ጉድጓዱ ያቅፈዋል ወይስ አያቅፈውም። ለእነርሱ ሥራ ተገቢ መለኪያ ሊሆን ይችላል። አማርኛ በድምፅ ለሚጽፍ ሰው ግን መካከለኛው ረድፍ ጣት የሚመለስበት ቤት እንጂ የሚውልበት ማሳ አይደለም። የሚውለው ላይኛው ረድፍ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ፕሮፋይል ሲቀርብልኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጣቴ ከመካከለኛው ረድፍ ተነሥቶ ኢ ላይ ሲደርስ ምን ይገጥመዋል?

ኪቦርዱ ሲመጣ የነበረበት ክዳን ኦኢኤም የሚባለው ነው። ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ኪቦርዶች ይዘውት የሚመጡት ይህንኑ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው ስሙን ሳያውቅ የሚያውቀው ቅርጽ እርሱ ነው። እርከን አለው፤ ከፍተኛው ረድፍ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ገጹም ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለ ነው። የኢ ክዳን ወደ ተያቢው ስለሚያዘነብል ጣት ሲደርስ ገጹን በቀጥታ ያገኘዋል፣ ይህ መልካም ነው። የሚያስቸግረው ቁመቱ ነው። ጣቴ ከዲ ወደ ኢ ሲንሸራተት በፊት ለፊት ያለውን የክዳኑን ጠርዝ ስለሚነካ በየጊዜው ትንሽ ብድግ ማለት አለበት። አንድ ጊዜ ብድግ ማለት ምንም አይደለም፤ የአንድ ሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ሲያልቅ ግን ያች ብድግታ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተደጋገመች ጣት ያውቃታል። እንዲያም ሆኖ ኦኢኤም መጥፎ ነው አልልም። በቀን አንድ ወይም ሁለት ገጽ የሚጽፍ ሰው እርሱን ለመለወጥ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ የገዛሁት ኤስኤ ነበር፤ የገዛሁትም በመልኩ ተማርኬ መሆኑን አልደብቅም። ረጅም ነው፣ ከፍተኛው ረድፍ 16 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ የእያንዳንዱ ክዳን ገጽ እንደ ትንሽ ጻህል ክብ ሆኖ ጎድጉዷል፤ ውስጡ ሰፊ ባዶ ቦታ ስላለውም ሲመታ ድምፁ ወፈር ብሎ ይወጣል። ከእኔ ይልቅ የወደዱት ግን ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በደጉ ዘመን ከፍርድ ቤት በር ላይ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ወረቀታቸው እስኪታተም ድረስ «ልሞክራት?» አሉኝና ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ክርናቸውን ከጎናቸው ራቅ አደረጉ፣ አንጓቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሙሉ በሙሉ አነሡ፣ ጣቶቻቸውን ከላይ ወደ ታች እያወረዱ ጥቂት ፊደላት መቱ። «ልጄ፣ ይቺ የእኔን መኪና ትመስላለች፤ ጣትን ትይዛለች» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ለእኔ ያልተስማማኝ ለምን እንደሆነም የገባኝ እጃቸውን ሳይ ነው። እርሳቸው የሚጽፉት እጃቸውን በአየር ላይ አንሳፈው ነው፤ እኔ አንጓዬን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ነው። አንጓው ታች ከተቀመጠና ቁልፉ 16 ሚሊ ሜትር ከቆመ፣ እጅ ወደ ኋላ እየታጠፈ ላይኛውን ረድፍ ሲመኝ ይውላል። ሰፈራችን ያለ አናጢ ከዋንዛ እንጨት ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላት መደገፊያ ልጎ ሠራልኝ፤ በእርሷ ላይ አንጓዬን ሳስቀምጥ ብዙ ተሻለኝ። ሁለተኛው ችግር ግን አልተፈታም። ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ ጣት አንዴ ከገባ በኋላ ወደ ጎረቤት ቁልፍ ለመሄድ ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ ጠርዙን ተሻግሮ፣ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ መውረድ አለበት። «ወረ» እያሉ ከደብሊው ወደ ኢ፣ ከኢ ወደ አር በሚመላለስ እጅ ላይ ይህ ሸክም ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አወጣሁት። ልክ እንደ ሽማግሌው እጁን አንሥቶ የሚጽፍ ሰው ካለ ግን፣ ኤስኤን ያለ ማመንታት እንዲሞክር እመክረዋለሁ። ኤምቲ3 የሚባለውም በዚሁ ወገን የሚመደብ፣ ጉድጓዱም የጠለቀ ነው፤ አዲስ አበባ አንድ ወዳጄ ዘንድ ግማሽ ቀን ጽፌበት ተመሳሳይ ስሜት ነው የተሰማኝ።

ከሜዳዎቹ መካከል ዲኤስኤ 7.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን አጭር ክዳን ነው፤ ኤክስዲኤ 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን ገጹ ሰፋ፣ ጉድጓዱም ሳሳ ያለ ነው። እኔ የያዝኩት ሁለተኛውን ነው። በመጀመሪያው ቀን ኢን ስፈልግ ጣቴ የቁልፉን የታች ግማሽ እየመታ አስቸገረኝ፤ ክዳኑ ወደ እኔ ስለማያዘነብል ጣት ራሱ መዘርጋት አለበት። ቶሎ ተስፋ ቆርጬ ወደ ካርቶኑ ልመልሰው ስል አብራኝ የምትሠራው እህታችን «ቆይ እስቲ እኔ ልሞክረው» ብላ ወሰደችው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም።

የእርሷ ሥራ ከእኔ ይለያል። ቀኑን ግማሹን አማርኛ፣ ግማሹን የክልላችን የሥራ ቋንቋ የሆነውን ሲዳሙ አፎን ትጽፋለች። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ረጅሙ አናባቢ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ በመምታት ይጻፋል፣ የሚጠብቀው ተነባቢም እንዲሁ። አንድን ቁልፍ ደጋግሞ ለመምታት ሰፊና ለጥ ያለ ገጽ ይመቻል፤ ጣት ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ ከገጹ አይወጣም። ጣቶቿም አጫጭር ስለሆኑ ከፍ ያለ እርከን አይመቻትም። የላይኛውን ረድፍ ችግር ደግሞ ለእኔ ባልመጣልኝ ቀላል መንገድ ፈታችው፦ ከኪቦርዱ ጀርባ ያሉትን ሁለት እግሮች ከፍታ፣ ወንበሯን አንድ ደረጃ አስረዘመች። ሜዳ የነበረው ገጽ ሁሉ በአንድነት ወደ እርሷ አዘነበለ። ኤክስዲኤ ለእኔ አይሆንም ብዬ የደመደምኩት ኪቦርዴን ለጥ አድርጌ ስለማስቀምጥ እንደነበር ከእርሷ ተማርኩ። ከዚህ ሌላ ሜዳ ፕሮፋይል ማንም የማይክደው አንድ ጥቅም አለው፤ የትኛውም ክዳን የትኛውም ረድፍ ላይ ስለሚገባ ቁልፎቹን እንደፈለጉ ማደላደል ይቻላል።

ይህ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ በደንብ የገባኝ ባለፈው ክረምት ሲሆን፣ ያስተማረኝም እጥበት ነው። ኦኢኤሞቹን ነቅዬ፣ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት የልብስ ሳሙና በትኜ በሳፋ ዘፈዘፍኳቸው፤ በጥርስ ብሩሽ ጎን ጎናቸውን አሽቼ አለቀለቅኩና ሰፌድ ላይ ዘርግቼ አንድ ቀን ሙሉ ጥላ ውስጥ አስጣኋቸው። በነጋታው ስመልሳቸው መብራት ጠፍቶ ስለነበር በችኮላና በጨለማ ሠራሁት፤ ፊደላቱን ያዛመድኩት ከስልኬ መብራት ጋር ነው። ሁሉም ፊደል በቦታው ገብቷል። ከጎን ያሉት ምልክቶች ግን፣ የነጥብና የሰረዝ ቁልፎችን ጨምሮ፣ ከአንድ ሌላ አሮጌ ኪቦርድ ክዳኖች ጋር ሰፌዱ ላይ ተቀላቅለው ነበር፤ የኢ ክዳንም ከሁለቱ ኪቦርዶች የየትኛው እንደሆነ ሳላይ ነው የመለስኩት። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስጀምር፣ ገና ሁለተኛው መሥመር ላይ ሳልደርስ፣ የግራ እጄ የመሐል ጣት አንድ ነገር እንደተለወጠ ነገረኝ። ክዳኑን ነቅዬ ከጎረቤቱ ከደብሊው ጋር ጎን ለጎን ሳቆመው ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ዝንባሌውም በዓይን በጭንቅ ነው የሚለየው። ጣት ግን በሁለት መሥመር ውስጥ ለይቶታል። ከዚያ ወዲህ ክዳን ሳጥብ እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው በየፌስታሉ አድርጌ ነው።

አሁን የምጽፍበት ቼሪ ፕሮፋይል ነው። ስሙን ያገኘው ከዚያው ከስዊቹ ኩባንያ ነው። ከኦኢኤም ጋር አንድ ዓይነት እርከንና አንድ ዓይነት የቦይ ቅርጽ አለው፤ ነገር ግን በየረድፉ ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ሁለት ሚሊ ሜትር በወሬ ሲሰማ ምንም አይደለም። በጣት ግን እንዲህ ነው፤ ዲ ላይ ያረፈው የመሐል ጣት ወደ ኢ ሲሄድ ብድግ አይልም፣ ይገፋል። የኢ ክዳን የፊት ጠርዝ ከዲ ገጽ ብዙም ስለማይርቅ የጣቴ ሥጋ ጠርዙን ዳበስ አድርጎ ያልፍና፣ ወደ እኔ ባዘነበለው ገጽ ላይ መሐሉን ያገኛል። ከኢ ወደ አር ወይም ወደ ደብሊው ሲሻገሩ ደግሞ የቦዩ ግድግዳ ለስላሳ ስለሆነ ጣቶቹ እንደ ኤስኤ ከጉድጓድ መውጣት አያስፈልጋቸውም። የዋንዛ መደገፊያዬን አንሥቼ እጄን በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ማሳረፍ ቻልኩ። ሁለት ወር ከጻፍኩበት በኋላ ከምሳ በኋላ ያለው ድካም የመሐል ጣቴን ለይቶ መያዙ ቀርቶ በሁሉም ጣቶቼ ላይ እኩል ተከፋፈለ፤ እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነበር።

ቼሪ የሚገዛ ሰው ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ማየት አለበት፤ እኔ ሳላየው ስለገዛሁ ነው የምናገረው። የስዊቹ የመብራት ቀዳዳ ወደ ስክሪኑ በኩል የዞረባቸው ኪቦርዶች አሉ፤ ፊደሉን ከሥር ለማብራት ሲባል የተደረገ ነው። በእነዚህ ላይ አጭሩና ግድግዳው ወፍራም የሆነው የቼሪ ክዳን፣ በተለይ በመካከለኛው ረድፍ ላይ፣ እስከ ታች ሲወርድ ከስዊቹ ሽፋን ጋር ሊጋጭ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ኤስ፣ ዲና ኤፍ ከሌሎቹ የተለየ ደረቅ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሲያሰሙ ስዊቾቹ የተበላሹ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ክዳኑን ነቅዬ ሳይ ከውስጥ በኩል ጠርዙ ላይ ትንሽ የተፋቀ ምልክት አገኘሁ። ቀጫጭን የጎማ ቀለበቶች በዚያ ረድፍ ክዳኖች መግጠሚያ ላይ አጥልቄ ግጭቱ ቆመ፤ ቁልፎቹ የሚወርዱት ጥልቀት በጥቂቱ ቀንሷል፣ ጣቴም ለምዶታል። ቀዳዳው ወደ ተያቢው በዞረበት ኪቦርድ ላይ ይህ ችግር የለም፤ አንድ ክዳን ነቅሎ የቀዳዳውን አቅጣጫ ማየት በቂ ነው።

ስለ ፕላስቲኩ ብዙ አልልም፤ ሆኖም ያ የኢ ብልጭታ ከየት እንደመጣ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ክዳን በአብዛኛው ከሁለት ፕላስቲክ ከአንዱ ይሠራል፤ ከኤቢኤስ ወይም ከፒቢቲ። ኤቢኤስ በጣት ሲታሽ ቶሎ ይለሰልስና ያብረቀርቃል፤ ፒቢቲ ሻካራነቱን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል፣ በአንጻሩ ሲቀዘቅዝ የበለጠ ስለሚኮማተር እንደ ስፔስ ባር ያሉ ረጃጅም ቁልፎች አንዳንዴ ጎብጠው ይመጣሉ። የታተመው ፊደል እንዳይጠፋ ከተፈለገ ሁለት አስተማማኝ መንገዶች አሉ። አንዱ ፊደሉን በሌላ ቀለም ፕላስቲክ አፍስሶ ከክዳኑ ጋር አንድ ማድረግ ነው። ሌላው ቀለሙን በሙቀት ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ይህ ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ስለሚፈልግ የሚሠራው በፒቢቲ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ ፒቢቲ ነው ብሎ የሸጠልኝ ስብስብ ላይ ፊደላቱ ከላይ የተለጠፈ ቀለም ብቻ ሆነው ተገኝተው፣ የኢ ፊደል በአራት ወር ውስጥ መጀመሪያ የመሐሉን መሥመር አጥቶ፣ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። ብርሃን ከሥር የሚያሳልፉት ክዳኖች መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ ላይ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማሉ፤ ለእኔ ግን ጣቴ መንገዱን ስለሚያውቅ ኤፍና ጄ ላይ ያሉት ሁለት ጉብታዎች ይበቁኛል። ስትገዙ እነርሱ ጎላ ብለው መኖራቸውን ዳብሳችሁ እዩ።

የመጠን ነገርም አለ። ትንንሽ ኪቦርዶች ላይ የቀኝ ሺፍት ከተለመደው ያጥራል፣ የስፔስ ባሩም ርዝመት ከኪቦርድ ኪቦርድ ሊለያይ ይችላል። እኛ ሺፍትን ለ«ጠ»፣ ለ«ጨ»፣ ለ«ኘ» ስለምንፈልገው የማይገጥም ሺፍት ይዞ መቅረት ከባድ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱን ሺፍቶችና የስፔስ ባሩን ርዝመት በማስመሪያ ለክታችሁ ከስብስቡ ጋር አስተያዩ።

እንግዲህ «የትኛውን ልግዛ?» ለሚለኝ ተማሪ የምሰጠው መልስ ወንበሬን ለቆ ማስቀመጥ ሆኗል። በእኔ ኪቦርድ ላይ «የተወረወረ» የሚለውን ቃል ሃያ ጊዜ፣ ከዚያም «ነበረ»ን ሃያ ጊዜ እንዲጽፍ አደርገዋለሁ። ቀጥሎ ወደ እህታችን ጠረጴዛ ሄዶ በኤክስዲኤው ላይ እንዲሁ ያደርጋል፤ የኤስኤው ስብስብም የጎማ ኪቦርዴን ተክቶ ከመደርደሪያው ሥር በተቀመጠው ሌላ ኪቦርድ ላይ ተሰክቶ አለ። ሲጽፍ ስክሪኑን አላይም፣ የግራ እጁን የመሐል ጣት ነው የማየው፦ ብድግ ይላል ወይስ ይገፋል፣ አንጓው ተደግፏል ወይስ ተንሳፏል። ባለፈው ሳምንት የመጣ አንድ የሕግ ተማሪ ቼሪውን ይመርጣል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሦስቱንም ሞክሮ ኤስኤው ላይ ተመለሰና እጁን እንደ እነዚያ ሽማግሌ አንሥቶ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈበት። አንጓውን እንዲያሳርፍ ነግሬው ነበር፤ ሞከረና ወዲያው መልሶ አነሣው። የዋንዛ መደገፊያዋን የማያስፈልገው ሰው መሆኑን ሳይ የኤስኤውን ስብስብ በፌስታል አድርጌ፣ ረድፍ በረድፍ ለይቼ፣ ለአንድ ወር እንዲሞክረው ሰጥቼዋለሁ።